አሸዋ የቀረጸው ተሽከርካሪ፦ የባጊ አመጣጥና አሠራር

«ባጊ» የሚለው ስም በመነሻው በፈረስ የሚጎተት ቀላል ጋሪን የሚያመለክት ሲሆን፣ ከ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ወዲህ ግን በአሸዋ ክምር ላይ እንዲሄድ ታስቦ ከተራ መኪና አካላት የሚሠራውን ክፍት ተሽከርካሪ ለመጥራት ውሏል። የአሸዋ ክምር የሚባለው ነፋስ እያንከባለለ ያመጣው ደረቅ አሸዋ ተጠራቅሞ የሚፈጥረው ኮረብታ ነው፤ ነፋሱ በሚመጣበት በኩል ተዳፋቱ ረጋ ያለ ሲሆን፣ ከነፋሱ በተከለለው በኩል ግን ወደ 34 ዲግሪ የሚጠጋ ቁልቁለት ስላለው የረገጠውን ሁሉ ያንሸራትታል። በዚህ መሬት ላይ ተራ መኪና የሚሸነፈው ከጉልበቱ ማነስ ይልቅ በክብደቱና ክብደቱ ባረፈበት ቦታ ነው፤ የፊት ጎማዎቹ አሸዋውን እየገፉ ከፊታቸው ይቆልሉታል፣ የኋላዎቹም በተሽከረከሩ ቁጥር የራሳቸውን ጉድጓድ እየቆፈሩ ይሰምጣሉ። የባጊ ታሪክም በአመዛኙ የመቀነስ ታሪክ ሆኖ የተጓዘው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ጣሪያው፣ በሩ፣ መስኮቱና ላሜራው በየተራ እየተነሡ፣ የቀረው ክብደት ደግሞ መኪናውን ወደሚነዱት የኋላ ጎማዎች እየተሰበሰበ፣ መኪናው አሸዋው የሚፈቅደውን ቅርጽ ያዘ። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የዚህ ሙያ ዋና መፍለቂያ የአሜሪካዋ ካሊፎርኒያ ግዛት ናት፤ በግዛቲቱም ሁለት ቦታዎች ተለይተው ይታወቃሉ። አንደኛው በፓስፊክ ውቅያኖስ ዳርቻ፣ ፒስሞ ቢችና ኦሺያኖ በተባሉት ትንንሽ ከተሞች አጠገብ የሚገኘው የአሸዋ ክምር ሲሆን፣ እዚያ ማዕበሉ ያረጠበውና ያጠነከረው ዳርቻ ራሱ ለመኪና መንገድ ሆኖ ሲያገለግል ኖሯል። ሁለተኛው በደቡብ ምሥራቅ ጫፍ፣ በሜክሲኮ ድንበር አቅራቢያ የተዘረጋው የአልጎዶኔስ የአሸዋ ባሕር ነው፤ ርዝመቱ 70 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ አንዳንዱ ክምር እስከ 90 ሜትር ይደርሳል። ይህ አሸዋ ለመጀመሪያዎቹ ባለመኪኖች መጫወቻ ሳይሆን ጭንቅ ነበር፤ በ1915 የእንጨት ሳንቃ በአሸዋው ላይ ተነጥፎ መኪኖች በዚያ ላይ እንዲያልፉ ተደርጓል፣ አሸዋው ሳንቃውን ሲቀብረው እየተጠረገና እየተነሣ እስከ 1926 አገልግሏል። የሳንቃው ቅሪት ዛሬም በቦታው ይታያል። ሰው መሬቱን ለመኪናው ካመቻቸበት ከዚህ ዘመን ወደ ተቃራኒው፣ ማለትም መኪናውን ለመሬቱ ወደማመቻቸት የተሸጋገረው ቀስ በቀስ ነበር።

የመጀመሪያዎቹ የአሸዋ መኪኖች ያረጁ የፎርድና የሌሎች የአሜሪካ ፋብሪካዎች ምርቶች ነበሩ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊትና በኋላ ባሉት ዓመታት፣ ዋጋቸው የወረደ አሮጌ መኪኖችን የሚገዙ ወጣቶችና መካኒኮች የላሜራውን አካል በመጋዝ እየቆረጡ አውርደው፣ በባዶው ሻንሲ ላይ መቀመጫና የነዳጅ ታንከር ብቻ አስቀርተው ወደ ዳርቻው ይወስዱት ነበር። ሻንሲ የመኪናውን ሞተር፣ ጎማና አካል ሁሉ የሚሸከመው የብረት አጽም ነው። ጎማውም ሰፊ እንዲሆን ቸርኬው መሐል ለመሐል ተቆርጦ የብረት ቀለበት ይበየድበት ነበር፤ ሰፊና አየሩ የቀነሰ ጎማ ክብደቱን በብዙ አሸዋ ላይ ስለሚያሳርፈው አይሰምጥምና። ይሁን እንጂ የእነዚህ መኪኖች ሞተር ከባድ ብረት ሆኖ ከፊት የተቀመጠ፣ በውሃ የሚቀዘቅዝና ራዲያተር የሚሸከም ስለነበር፣ የፊተኛው ክፍል ዘወትር አሸዋ ውስጥ ይተከል፣ በሙቀቱም ውሃው ይፈላ ነበር። ያም ሆኖ የፎርድን የቪ ቅርጽ ባለስምንት ሲሊንደር ሞተር ወደ ኋላ እየገፉ የሚተክሉ ብልሆች ስለነበሩ፣ ክብደትን ወደ ኋላ የመውሰዱ ትምህርት በዚህ ትውልድ መጀመሩ ሊዘነጋ አይገባም።

መፍትሔውን ያመጣው ግን ለአሸዋ ተብሎ ያልተሠራ የጀርመን የቤተሰብ መኪና ነው። የኢትዮጵያ አንባቢ ይህን መኪና ለመገመት ሥዕል አያስፈልገውም፤ በአዲስ አበባ መንገዶች ላይ ለአሥርት ዓመታት ሲመላለስ የኖረው፣ ሕዝቡም «ቮልስ» ብሎ ያላመደው ጀርባ ጎባጣ ቮልስዋገን ነው። ፈርዲናንድ ፖርሼ የነደፈው ይህ መኪና ሞተሩ ከኋላ፣ የዕቃ ማስቀመጫው ከፊት ሆኖ፣ አራቱ ሲሊንደሮቹ ሁለት ሁለት እየሆኑ በግራና በቀኝ የተጋደሙ ናቸው፤ የሚቀዘቅዘውም በማራገቢያ በሚነዳ አየር ስለሆነ ራዲያተር፣ የውሃ ፓምፕና የውሃ ቱቦ የለውም። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ወደ አሜሪካ የገባው 1,192 ሲሲ ሞተር ጉልበቱ 40 የፈረስ ጉልበት ብቻ ነበር። ይህ በአውራ ጎዳና ላይ የሚናቅ ቢሆንም፣ ሞተሩና ካምቢዮው አንድ ላይ ተጋጥመው በሚነዱት ጎማዎች ላይ በቀጥታ የተቀመጡ በመሆናቸው፣ በአሸዋ ላይ ከእጥፍ በላይ ጉልበት ያላቸውን መኪኖች ጥሎ ለመሄድ በቃ። ጀርመኖች በጦርነቱ ዘመን ከዚሁ መኪና ያወጡት ኩቤልዋገን የተባለው የወታደር መኪና በሰሜን አፍሪካ በረሃ ማገልገሉም የዚህን አቀማመጥ ጥቅም ቀደም ብሎ አሳይቶ ነበር።

ለባጊ ሠሪዎች ከሞተሩ ያላነሰ ስጦታ የሆነው የቮልሱ ወለል ነው። በዚህ መኪና አካሉና ወለሉ የተለያዩ ክፍሎች ሆነው በቡሎን የተያያዙ በመሆናቸው፣ ቡሎኖቹ ተፈትተው አካሉ በሰዎች ሸክም ሲነሣ፣ ሞተር፣ ካምቢዮ፣ መሪ፣ ፍሬንና አራት ጎማ ያሉት፣ ራሱን ችሎ የሚሄድ ጠፍጣፋ መድረክ ይቀራል። በመድረኩ መሐል ከፊት እስከ ኋላ የተዘረጋ ቱቦ መሰል አከርካሪ አለ፤ የማርሽ ዘንጉ፣ የፍሪሲዮኑና የነዳጅ መስጫው ካቦ፣ የእጅ ፍሬኑ ካቦና የነዳጅ ቱቦው ሁሉ በውስጡ ያልፋሉ። በአደጋ አካሉ የተጨፈለቀ ነገር ግን ወለሉ ደህና የሆነ ቮልስ በየመኪና መቃብሩ በርካሽ ይገኝ ስለነበር፣ አንድ ወጣት በጥቂት ገንዘብ የባጊውን ሦስት አራተኛ አካል ገዝቶ ወደ ቤቱ ሊወስድ ይችል ነበር። የዚህ ሙያ መስፋፋት ምሥጢር በአብዛኛው በዚህ የወዳደቀ ዕቃ ርካሽነት ላይ ያረፈ ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም።

በዚህ ወለል ላይ መጀመሪያ የተጫኑት አካላት ከጠፍጣፋ ላሜራ የታጠፉ፣ ማዕዘናቸው የሾለ ሣጥኖች ነበሩ። ከእነዚህ ውስጥ በሪቨርሳይድ ከተማ ቮልስዋገን ይሸጥ የነበረው ጆ ቪቶኒ ያቋቋመው ኢምፒ የተባለ ድርጅት ያወጣው ስፖርትስተር ይጠቀሳል። ላሜራን በማጠፊያ መሣሪያ ማጠፍ ለማንም ጋራዥ የሚቻል ሥራ ስለሆነ አካሉን ማባዛቱ ቀላል ነበር፤ ነገር ግን ጠፍጣፋ ላሜራ በየመገጣጠሚያው ካልተደገፈ ይወዛወዛል፣ በባሕር ጨው ይዝጋል፣ ዓይንን የሚስብ መልክም የለውም።

መልክና ጥንካሬን በአንድ ቅርጽ ያዋሐደው ብሩስ ሜየርስ ነው። ሜየርስ በ1926 በሎስ አንጀለስ ተወልዶ ባሕር ላይ ያደገ፣ በጦርነቱ ጊዜ በግንቦት 1945 በጃፓን አጥፍቶ ጠፊ አውሮፕላኖች በተመታው ባንከር ሂል በተባለው የጦር መርከብ ላይ ያገለገለና ከዚያ እልቂት የተረፈ፣ ቀጥሎም ሥነ ጥበብ የተማረና ከፋይበርግላስ ጀልባ ይሠራ የነበረ ሰው ነው። ፋይበርግላስ ከመስታወት የተፈተለ ቃጫ በፈሳሽ ሙጫ ተነክሮ በቅርጽ ማውጫ ላይ ሲነጠፍ የሚደርቅና የሚጠነክር ቁስ ነው። የጀልባ ሠሪ ዕውቀት እዚህ ላይ ወሳኝ ሆነ፤ ጀልባ ሠሪ ቀጭን ቁስ ጥንካሬ የሚያገኘው ሲጎብጥ መሆኑን በእጁ የሚያውቅ በመሆኑ፣ ሜየርስ አካሉን የነደፈው ከፊት መከለያው እስከ ኋላው ድረስ ጠፍጣፋ ቦታ እንዳይበዛበት፣ የጎማው ፓራፋንጎም ከፍ ብሎ እንደ ማዕበል እንዲጎብጥ አድርጎ ነው። ከፍ ያለው ፓራፋንጎ ትልልቅ ጎማዎች ሲዘሉ አካሉን እንዳይነኩ ቦታ ይሰጣል፤ ጎማን መሸፈን ግድ የሚለውን የመንገድ ሕግም ስለሚያሟላ፣ ያው መኪና ከአሸዋው ወጥቶ ያለ ክልከላ ወደ ገበያ መሄድ ይችላል። ባጊን ከዳርቻ ጨዋታ ወደ ከተማ መንገድ ያሸጋገረው ይህ የንድፍ ጥበብ ከሌሎቹ ሁሉ ይበልጥ ሊደነቅ ይገባዋል።

በ1964 በኒውፖርት ቢች የተጠናቀቀችውና በቀለሟ ምክንያት «ኦልድ ሬድ» የተባለችው የመጀመሪያዋ መኪና የቮልሱን ወለል አልያዘችም፤ ፋይበርግላሱ በውስጡ በብረት ተደግፎ አካልም ሻንሲም ሆኖ የሚያገለግል አንድ ወጥ ቅርፊት ነበር። ሜየርስ መኪናዋን ማንክስ ያላት በማን ደሴት በሚገኘው ጭራ አልባ ድመት ስም ሲሆን፣ ከኋላ ጭራው የተቆረጠ የሚመስለው አጭር ቅርጿ ለስሙ ተስማሚ ነበር። በዚህ አሠራር የወጡት 12 ብቻ ናቸው፤ ሥራው እጅግ አድካሚና ውድ ስለነበር ሜየርስ ንድፉን ለውጦ፣ አካሉ በተቆረጠ የቮልስ ወለል ላይ በቡሎን እንዲታሰር አደረገ። ገዢው የሚወስደው ሙሉ መኪና ሳይሆን ባዶ አካልና ጥቂት መገጣጠሚያ ዕቃ ነው፤ የቀረውን ከአሮጌ ቮልስ ፈትቶ ራሱ ይገጥማል።

ወለሉን ማሳጠር የባጊ ሠሪው የመጀመሪያ ፈተና ስለሆነ በቅርብ ሊታይ ይገባዋል። በቮልስ የፊትና የኋላ ጎማዎች መካከል ያለው ርቀት 240 ሳንቲ ሜትር ሲሆን፣ ለማንክስ 37 ሳንቲ ሜትር ገደማ ተቆርጦ ይወጣለትና ወደ 203 ይወርዳል። ሠሪው ከመቁረጡ በፊት ወለሉን በደልዳላ ቦታ ላይ አስተካክሎ ይደግፈዋል፣ የሚወጣውን ክፍል ያሰምርበታል፣ ከአከርካሪው ውስጥ ካቦዎቹንና የማርሽ ዘንጉን መዝዞ ያወጣል፤ ከዚያም ቆርጦ ሁለቱን ግማሾች ያቀራርባል። በዚህ ጊዜ ከአንዱ ማዕዘን ወደ ተቃራኒው ማዕዘን ያለውን ርቀት በሁለቱም አቅጣጫ ለክቶ እኩል መሆኑን ሳያረጋግጥ ከበየደ፣ መኪናው ዕድሜውን ሁሉ ጎኑን እየጎተተ እንደሚሄድ ውሻ ይሄዳል። የማርሽ ዘንጉም በዚያው ልክ ተቆርጦ መበየድ አለበት፤ በብየዳው ጊዜ ጥቂት እንኳ ቢጠማዘዝ ማርሾቹ ቦታቸውን አያገኙም። በአከርካሪው ውስጥ ያሉት የካቦ ማለፊያ ቀጫጭን ቱቦዎች ደግሞ ጫፍ ለጫፍ ካልተገጣጠሙ አዲሱ ካቦ መሐል ላይ ይቀረቀራል። አጭሩ መኪና በትንሽ ቦታ ይዞራል፣ በክምሩ አናት ላይ ሲያልፍም ሆዱ አይንጠለጠልም፤ በአንጻሩ በፍጥነት ሲሄድ ከረጅሙ ይልቅ ይንቀዠቀዣል።

ሁለተኛው የማስተካከያ ሥራ የከፍታው ነው። ቮልስ የታወቀውን ጥምዝ ሞላ ወይም ባሌስትራ አይጠቀምም፤ በምትኩ የኋላ ጎማዎቹን የሚደግፈው በቱቦ ውስጥ የተቀመጠ፣ ሲጫን የሚጠመዘዝ የብረት ዘንግ ነው። አካሉ ተነሥቶ መኪናው ሲቀል ዘንጎቹ ያንኑ ጉልበት ይዘው ስለሚቀሩ የኋላው ክፍል ወደ ላይ ይነሣል፣ እስከ 1960ዎቹ መጨረሻ በተሠሩት ቮልሶች ላይም ጎማዎቹ ከታች ወደ ውስጥ ይታጠፋሉ። ይህን ለማረም ሠሪው ዘንጉን ነቅሎ አዙሮ ይመልሰዋል። የዘንጉ ሁለት ጫፎች እንደ ማርሽ ጥርስ አላቸው፤ የውስጠኛው ጫፍ 40፣ የውጨኛው 44 ጥርስ ነው። በውስጠኛው አንድ ጥርስ ማዞር 9 ዲግሪ፣ በውጨኛው አንድ ጥርስ ማዞር 8.18 ዲግሪ ስለሚሆን፣ አንዱን ወደ አንድ አቅጣጫ ሌላውን ወደ ተቃራኒው በማዞር ከአንድ ዲግሪ ያነሰ ለውጥ ማግኘት ይቻላል። የጀርመን መሐንዲሶች ለከተማ መኪና ያሰቡት ይህ ረቂቅ የጥርስ ልዩነት በካሊፎርኒያ ጋራዦች ውስጥ የባጊ ሠሪዎች ዋና መሣሪያ ሆኖ መገኘቱ የሚያስደስት ነገር ነው።

ማንክስን ዝነኛ ያደረገው ግን ከካሊፎርኒያ በስተደቡብ ያለው የሜክሲኮ ባሃ ካሊፎርኒያ ልሳነ ምድር ነው። በ1962 ዴቭ ኢኪንስና ቢል ሮበርትሰን በሆንዳ ሞተር ብስክሌቶች ከቲኋና ተነሥተው በደቡብ ወደምትገኘው ላ ፓዝ ሲጓዙ፣ ኢኪንስ በ40 ሰዓት ውስጥ ደርሶ ነበር፤ መንገዱ ድንጋይ፣ አቧራና ደረቅ የወንዝ አሸዋ እንጂ አስፋልት አልነበረም። በሚያዝያ 1967 ሜየርስና ቴድ ማንግልስ በኦልድ ሬድ ከላ ፓዝ ወደ ቲኋና በ34 ሰዓት ከ45 ደቂቃ በመድረስ ከሞተር ብስክሌቱ ከ5 ሰዓት በላይ ቀነሱ። ወሬው በተሰማበት በዚያው ዓመት ኢድ ፐርልማን ያቋቋሙት የውድድር ማኅበር ሜክሲካን 1000 የተባለውን ሩጫ በዚሁ ምድር አካሄደ፤ አሸናፊዎቹም በማንክስ የተወዳደሩት ቪክ ዊልሰንና ቴድ ማንግልስ ነበሩ፣ ሰዓታቸውም 27 ከ38 ደቂቃ ነበር። ዛሬ ባሃ 1000 ተብሎ የሚታወቀው ውድድር ሥሩ ይኸው ነው። በ1968 ደግሞ ተዋናዩ ስቲቭ ማክዊን በአንድ ፊልም ላይ ከማንክስ የተሠራ ባጊ በዳርቻው ላይ ሲነዳ መታየቱ ነገሩን ከመኪና ወዳጆች ክበብ አወጣው።

ዝናው ለፈጣሪው በረከት አልሆነለትም። የፋይበርግላስ አካል ባሕርዩ ራሱ ለመገልበጥ የተመቸ ነው፤ አንድ ማንክስ ገዝቶ በላዩ ላይ ቃጫና ሙጫ የሚያነጥፍ ሰው በጥቂት ቀናት ውስጥ የራሱን ቅርጽ ማውጫ ያገኛል። ሜየርስ ንድፉን በፓተንት አስመዝግቦ ገልባጮችን ቢከስም ፍርድ ቤቱ ፓተንቱን ውድቅ አደረገበት፤ ከዚያ ወዲያ ቅጂው በዓለም ዙሪያ ፈላ። ከሜየርስ ድርጅት የወጡት በሺዎች የሚቆጠሩ ሲሆኑ፣ የቅጂዎቹ ብዛት ብዙውን ጊዜ እስከ 250,000 ይገመታል። ሜየርስ ድርጅቱን ለቀቀ፣ ድርጅቱም በ1971 ተዘጋ። ይህ ፍርድ ለአንድ የእጅ ጥበብ ባለሙያ የተደረገ ትልቅ በደል መሆኑ አይካድም፤ ከገልባጮቹ ብዙዎቹ ሳስቶ የሚሰነጠቅ አካል እየሸጡ የሥራውን ስም እንዳጎደፉም የታወቀ ነው። ነገር ግን ባጊ የአንድ ድርጅት ዕቃ ከመሆን አልፎ በብራዚል፣ በእንግሊዝ፣ በደቡብ አፍሪካና በአውስትራሊያ ያሉ ጋራዦች ሁሉ የሚያውቁት ሙያ የሆነው በዚሁ በደል በኩል መሆኑን የታሪክ ጸሐፊ ሊያልፈው አይችልም።

ከማንክስ ጎን ለጎን ሌሎች ዓይነቶች ያደጉት የመሬቱ ጠባይ እየለየ ነው። ባሃ ባግ የሚባለው አካሉ ያልተነሣለት ሙሉ ቮልስ ሲሆን፣ የፊት አፍንጫውና ፓራፋንጎዎቹ ተቆርጠው በአጫጭር ፋይበርግላስ ይተካሉ፣ የኋላው መከለያም ተነሥቶ ሞተሩ ተገልጦ ይቀራል፤ ጣሪያና በር ስላለው ለብርድና ለአቧራ የተሻለ፣ ዋጋውም ለድሃ ወጣት የቀረበ ነው። ድንጋያማው የባሃ መንገድ ረጅም የጎማ ዝላይ ስለሚጠይቅ የዚህ ዓይነት ሠሪ ትኩረቱን ሾክ አብዞርበሮቹን በማርዘምና የፊት ጎማዎቹን የሚሸከመውን ቱቦ በማጠናከር ላይ ያደርጋል።

ለንጹሕ አሸዋ የተሠራው ግን ሳንድ ሬል ነው። ይህ ዓይነቱ የቮልሱን ወለልም ጭምር የጣለ፣ ከብረት ቱቦ ተጣጥፎ የተበየደ ጎጆ መሰል አጽም ብቻ ያለው ሲሆን፣ ቱቦው ሻንሲም፣ አካልም፣ ሲገለበጥ የነጂውን ራስ የሚጠብቅ ቅስትም ሆኖ ያገለግላል። ነጂው ዝቅ ብሎ ከፊት ይቀመጣል፣ በአምስት ነጥብ በሚታሰር ቀበቶ ይጠፈራል፣ ሞተሩ ከጀርባው ነው። የጎማዎቹ አሠራር ከሁሉም ይለያል፤ የኋላ ጎማው ላይ በአግድም የተደረደሩ፣ እንደ አካፋ የቆሙ የጎማ ክንፎች ስላሉ አሸዋውን እየዛቁ ወደ ኋላ በመወርወር መኪናውን ይገፉታል፤ የፊት ጎማው ደግሞ ለስላሳና ቀጭን ሆኖ፣ መሐሉ ላይ ብቻ ዙሪያውን የሚሄድ አንድ ሸንተረር አለው፣ ይህም ጎማው ሲታጠፍ አሸዋውን እንደ መርከብ መሪ እንዲቆነጥጥ ነው። ሆኖም ኃይለኛ ሳንድ ሬል ዳገት ሲወጣ የፊት ጎማዎቹ መሬት ስለሚለቁ መሪው ጥቅም ያጣል፤ ለዚህ ጊዜ ሲባል ከነጂው አጠገብ የእጅ ማንሻ ይተከላል፣ ሲሳብ ወይም ሲገፋ የግራውን ወይም የቀኙን የኋላ ጎማ ለብቻ ያግታል፣ መኪናውም በታገተው ጎማ ዙሪያ ይዞራል። የጎማው አየር እንደ አሸዋው ልልነት ይቀነሳል፤ የአየር ማጣሪያውም የኋላ ጎማዎች ከሚወረውሩት አሸዋ ርቆ ከፍ ብሎ ካልተቀመጠ፣ የገባው አሸዋ ሲሊንደሮቹን ፈጭቶ ሞተሩን በአጭር ጊዜ ይገድለዋል።

ተጨማሪ ጉልበት የሚሹ ሠሪዎች በ1960ዎቹ ከሸቭሮሌት ኮርቬየር መኪና የሚወጣውን ባለስድስት ሲሊንደር፣ በአየር የሚቀዘቅዝ ሞተር መርጠዋል፤ የማክዊንም ባጊ የተገጠመላት ይኸው ነበር። በዚህ ጋብቻ ውስጥ አንድ እንቅፋት አለ፤ የኮርቬየር ሞተር የሚሽከረከረው ቮልስ ከሚሽከረከርበት በተቃራኒ ስለሆነ፣ እንዳለ ከቮልስ ካምቢዮ ጋር ቢጋጠም መኪናው ወደ ኋላ የሚወስዱ አራት ማርሾችና ወደ ፊት የሚወስድ አንድ ማርሽ ብቻ ይኖረዋል። ስለዚህ ካምቢዮው ተፈትቶ በዲፈረንሻሉ ላይ ያለው ትልቁ ባለጥርስ ቀለበት ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው ተገልብጦ መግባት አለበት። በኋለኞቹ ዘመናት የሱባሩ ሞተሮችና የሸቭሮሌት ባለስምንት ሲሊንደር ሞተሮች በትላልቆቹ ሳንድ ሬሎች ላይ ሲገቡ፣ ራዲያተሩም ከቀድሞ ባላንጣነቱ ተመልሶ ከኋላ፣ አሸዋ በማይደርስበት ከፍታ ቦታውን አገኘ።

የቱቦ አጽሙ ወደ ጦር ሠራዊትም ገብቷል። ቼኖውዝ የተባለው የካሊፎርኒያ ድርጅት የሠራቸው፣ የቮልስ ሞተር የገጠሙ፣ መትረየስ የሚሸከሙ ባጊዎች በ1980ዎቹ በአሜሪካ ጦር ተሞክረዋል፣ በ1991 የባሕረ ሰላጤው ጦርነትም ልዩ ኃይሎች ተጠቅመውባቸዋል። በሰሜን ምሥራቅ ብራዚል በናታል ከተማ አጠገብ ባለው የጄኒፓቡ ክምር ደግሞ ባጊ የእንጀራ ምንጭ ሆኖ፣ ፈቃድ ያላቸው ነጂዎች እንግዶችን እንደ ፍላጎታቸው በረጋ ወይም በሚያስደነግጥ አነዳድ ያንሸራሽራሉ። በሰሃራ ውስጥ የመኪና ተወዳዳሪው ዣን ሉዊ ሽሌሰር በራሱ ስም በሠራው፣ በሁለት የኋላ ጎማዎች ብቻ በሚነዳ ባጊ የ1999ንና የ2000ን የዳካር ውድድር በአራቱም ጎማ ከሚነዱት መኪኖች ቀምቶ ማሸነፉ፣ በፒስሞ ዳርቻ የተገኘው የክብደት ዕውቀት ምን ያህል እንደዘለቀ ያሳያል።

ወደ ካሊፎርኒያው አሸዋ ስንመለስ፣ የክምሩ አናት በነፋስ የሾለ በመሆኑ ከወዲህ ወጪው ከወዲያ የሚመጣውን ማየት አይችልም፤ በኦሺያኖና በአልጎዶኔስ እያንዳንዱ ተሽከርካሪ ከመሬት 8 ጫማ፣ ማለትም 2.4 ሜትር ገደማ በሚደርስ ቀጭን ዘንግ ላይ ባንዲራ እንዲሰቅል ግድ የሆነው ለዚህ ነው። አሸዋውም ባዶ መሬት አይደለም። በ1972 ፕሬዚዳንት ኒክሰን ከመንገድ ውጭ የሚነዱ ተሽከርካሪዎች በመንግሥት መሬት ላይ የሚሄዱበት ቦታ እንዲከለል በትእዛዝ አሳወቁ፤ በ2000 በአልጎዶኔስ ውስጥ ብርቅ የሆነ አንድ የአተር ዘመድ ተክል ለመጠበቅ ሰፊ ቦታ ተዘጋ፤ በኦሺያኖም በአሸዋው ላይ እንቁላል የምትጥል ትንሽ ወፍ ጉዳይ ለረጅም ጊዜ ሲያከራክር ቆይቶ፣ በ2021 የግዛቲቱ የባሕር ዳርቻ ኮሚሽን መኪኖች በሦስት ዓመት ውስጥ እንዲወጡ ቢወስንም፣ በ2023 ፍርድ ቤት ውሳኔውን ሽሮታል። የባጊ ወዳጆችና የተፈጥሮ ጠባቂዎች በዚህ ክርክር ውስጥ ያው አሸዋ የሚያቀርባቸው ሰዎች ስለሆኑ፣ አንዱን ወገን ደንቆሮ ሌላውን ጠላት አድርጎ የሚያቀርበው የተለመደ አነጋገር ነገሩን ያዛባዋል።

ከ2000ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ እንደ ፖላሪስ ያሉ ፋብሪካዎች ነጂንና ተሳፋሪን ጎን ለጎን የሚያስቀምጡ፣ ከፋብሪካ ተሟልተው የሚወጡ ትንንሽ ተሽከርካሪዎችን ሲያወጡ፣ ክምሩ ላይ የሚታየው አብዛኛው ተሽከርካሪ ተቀየረ፤ ገዢው መበየድም፣ ዘንግ ማዞርም፣ ካቦ መሳብም አያስፈልገውም። ቮልስ ራሱ በ2003 በሜክሲኮ ምርቱ ከቆመ ወዲህ የቀድሞው ርካሽ ወለል ብርቅ ሆኗል፤ ሜየርስ በኋላ ዳግም ባቋቋመው ድርጅት ካወጣቸው አካላት አንዱ ወለሉ ሳይቆረጥ እንዲገጠም ተደርጎ የተነደፈ ነው። ኦልድ ሬድ በ2014 በአሜሪካ ብሔራዊ የታሪካዊ ተሽከርካሪዎች መዝገብ ላይ ሰፈረች፣ ሜየርስም በየካቲት 2021 በ94 ዓመቱ አረፈ። ድርጅቱን የተረከቡት ሰዎች በ2022 ይፋ ያደረጉት አዲሱ ማንክስ በኤሌክትሪክ የሚሄድ፣ የኋላ ጎማዎቹን ሁለት ሞተሮች የሚያሽከረክሩለት ሲሆን፣ የቮልስ ወለል የለውም፤ ልክ እንደ መጀመሪያዎቹ 12 መኪኖች ሁሉ አካሉን የሚሸከመው አንድ ወጥ ቅርፊት ነው፣ ይህኛው ግን ከአሉሚኒየም የተሠራ።